ዝም ብላ የምትዞረው ክብ

ይህችን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቻት አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። እናቴም፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሳትሰማት ነው ያለፈችው። ለንስሐ አባቴ አንድ ጊዜ ጀምሬያት ነበር፤ ተናገርኩ ይባል አልተናገርኩ እናንተ ፍረዱ። «አባ፣ ኮምፒዩተር ላይ የምትዞር ክብ ሠራሁ» አልኳቸው። «ልጄ፣ ክብ መሥራት ምን ኃጢአት አለው?» አሉኝ። እኔም አላብራራሁም። መስቀላቸውን ተሳልሜ፣ የጉልበቴን አቧራ አራግፌ፣ ቀልሎኝ ወጣሁ። ተንኮሌን አያችሁልኝ? እንዳይገባቸው አድርጌ ነገርኳቸውና ስላልገባቸው ደስ አለኝ።

ዛሬ ግን እንዲገባችሁ አድርጌ ነው የምናገረው። ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

ሰሎሞን እባላለሁ። የጂንካ ልጅ ነኝ፤ ከተማው መሀል ባለው በድሮው የአውሮፕላን ሜዳ ላይ ከላሞች ጋር እየተጋፋሁ ኳስ ስጫወት ያደግኩ። ያኔ እዚያው ጂንካ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከሥራችን አንዱ ለጤና ኤክስቴንሽን ሥልጠና የሚያመለክቱ ልጆችን ከየወረዳው መመዝገብ ነበር። በፊት ማመልከቻው በፖስታ ታሽጎ በጭነት መኪና ሾፌር እጅ ነበር የሚመጣው። መንገድ ላይ ካኮ ከተማ ሲደርስ ጎማ ይፈነዳል፣ ወንዝ ይሞላል፣ ሾፌሩ ፖስታውን ጋቢና ውስጥ ይረሳዋል፤ ልጆቹ ዕድላቸው በመንገድ ይቀራል። እኔ ነኝ ይህን በኢንተርኔት ያደረግኩት። ወረዳ ላይ ያለው መዝጋቢ ድረ ገጹን ከፍቶ ቅጹን ይሞላና «ላክ» የሚለውን ይጫናል፤ ጂንካ ይደርሳል። ጎበዝ ተባልኩ። እውነቴን ነው፣ እስከዚያ ድረስ ጎበዝም ነበርኩ።

ችግሩ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ሲኬድ ነው። «ላክ» ብለህ ተጭነህ «ደርሷል» የሚለው ገጽ እስኪመጣ ድረስ የድሮው ገጽ ፊትህ ቁጭ ብሎ ያይሃል። ይሂድ ይቅር አታውቅም። ኔትወርክ ባለበት ከተማ ይህ ዓይን ጨፍኖ መግለጥ ነው። ሐመር አገር፣ ቱርሚ ላይ ግን ግማሽ ሰዓት ሊሆን ይችላል። ሰዎቹ ምንም የተንቀሳቀሰ ነገር ስለማያዩ አሁንም አሁንም ይጫኑታል፤ የአንዲት ልጅ ማመልከቻ ስምንት ሆኖ እኔ ዘንድ ይመጣል። ስለዚህ የምትዞረዋን ክብ ሠራሁ። እናንተም በየስልካችሁ ታውቋታላችሁ፤ ሎድ ሲያደርግ የምትሽከረከረዋን ማለቴ ነው።

እንዲህ ያለችው ክብ በደንብ ከተሠራች ሦስት ነገር ማወቅ አለባት። ሲጫኑ መጀመር፣ ሲደርስ መቆም፤ ሦስተኛው ደግሞ ሳይደርስ ከቀረ «አልደረሰም፣ እንደገና ይሞክሩ» ብላ እቅጩን መናገር። እኔ ሦስቱንም ሠርቼ ነበር። ይህን የምለው ልመሰገን አይደለም፤ ሳላውቅ ነው ያጠፋሁት እንዳትሉልኝ ነው። አውቄ ነው።

ከበላይ እንግዶች መጥተው ሥራችንን የምናሳይበት ቀን ደረሰ። ኃላፊያችን ክራቫት አስረዋል። አዳራሹ ሞልቷል። እኔ «ላክ» ስል ክቧ ዞረች፣ ዞረች፣ ከዚያ ኔትወርኩ ሄደና ግድግዳው ላይ በትልቁ፣ በቀይ፣ «አልደረሰም» የሚል ወጣ። አንዱ እንግዳ ሳቀ። ሲወጡ ኃላፊዬ ትከሻዬን ይዘው «ሰሎሞን፣ ያቺን ቀይ ነገር አጥፋልኝ» አሉኝ። በእሳቸው ማሳበብ ያምረኛል፤ ስንት ዓመት ሳሳብብም ኖሬያለሁ። ግን እሳቸው ምን ያውቃሉ? ቀዩን አጥፋ አሉ እንጂ ዋሽ አላሉኝም። ቀለሙን ብቀይረው ይበቃቸው ነበር። እኔ ግን ተናድጄ፣ አፍሬም ስለነበር፣ ያንን ክፍል ከሥሩ ነቅዬ ጣልኩት። ክቧ መስመሩ ቢቆረጥም ባይቆረጥም ዝም ብላ እንድትዞር አደረግኳት። ከሥሯም «በመላክ ላይ ነው፣ እባክዎ በትዕግሥት ይጠብቁ» ብዬ ጻፍኩባት። ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው አላማረረም። የሚያማርርበትን ነገር ደብቄበት ምኑን ያማርር?

አሁን ወደ ቱርሚ እንሂድ። እዚያ መዝጋቢያችን አስቴር ነበረች። ወላጆቿ ከጎፋ መጥተው ልብስ እየሰፉ ቱርሚ የቀሩ ናቸው፤ እሷ እዚያው ተወልዳ ሐመርኛን ከሐመር ልጆች እኩል ትናገራለች። ሥራዋን መዝሙር እያንጎራጎረች ነው የምትሠራው፤ በስልክ ሁሉ ይሰማኛል። የምዝገባው መጨረሻ ቀን ሰኞ ላይ ዋለ፣ የቱርሚ የገበያ ቀን። ኬሪ የምትባል የሐመር ልጅ ከአባቷ ከላሌ ጋር ከመንደራቸው በእግር መጣች። ኬሪ ከመንደሯ ልጃገረዶች አሥረኛ ክፍልን ስትጨርስ የመጀመሪያዋ ነበረች። ለጋብቻ የሚፈልጓት ሰዎች ደጅ ይጠኑ ነበር፤ ነገሩም ሊያልቅ ተቃርቧል። እሷ ግን አባቷን ለምና ለምና አንድ ቃል አስገባችው፤ ሥልጠናው ከተቀበላት ትሄዳለች፣ ካልተቀበላት ታገባለች። ውጤቷ ደግሞ ጥሩ ነው፣ ያለጥርጥር የሚያስገባ ነበር። ይህን ሁሉ የነገረችኝ አስቴር ናት፤ በዚያው ቀን፣ በስልክ። ስለዚህ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

አራት ሰዓት ላይ ተጫኑ። ክቧ መዞር ጀመረች። አራት ሰዓት ተኩል ላይ አስቴር ደወለች። «ሶሌ፣ አሁንም እየዞረች ነው፣ ምን ላድርግ?» አለችኝ። እኔ ፊት ለፊቴ ባለው ኮምፒዩተር የደረሱት ማመልከቻዎች ዝርዝር ይታየኛል። ከቱርሚ ምንም አልመጣም። መስመሩ ከተቆረጠ ቆይቷል። ክቧ ግን አታውቅም፤ እንዳታውቅ ያደረግኳት እኔ ነኝ።

«ዝጊውና የልጅቷን ስምና ውጤት በስልክ ንገሪኝ፣ እኔ እዚህ እሞላዋለሁ» ማለት ነበረብኝ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ስልኩ እንደሆነ ይሠራል፣ ድምፅዋ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ምነው አላልኩም? ኃላፊዬ ከአጠገቤ ቆመው ነበራ። ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ «የእኛ ሲስተም እንከን የለውም» ብለው ነበር፤ እኔም ቆሜ ተጨብጭቦልኝ ነበር። እሳቸው እየሰሙኝ «ክቧን አትመኛት፣ ዝም ብላ ነው የምትዞረው» ልል? አፌ አልታዘዝ አለኝ። «እስከዞረች ድረስ እየሠራች ነው፣ እንዳትነኪያት» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። በዚህ አፌ።

ሰባት ሰዓት ላይ ደግማ ደወለች። አሁን ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ነበር። «ሶሌ፣ ላሌ ምን ይላል መሰለህ? ስንት ቋጠሮ ቀራት ይላል።»

ይህ እንዲገባችሁ የሐመርን ልማድ ማወቅ አለባችሁ። ሐመር ወጣቱ የሚጎለምስበትን የከብት ዝላይ ሲደግስ ጠሪው ለሚጠራው ሰው ቋጠሮ ያለበት ልጥ ይሰጠዋል። ቋጠሮው የቀኑ ቁጥር ነው። ተጠሪው በየጠዋቱ አንድ ቋጠሮ ይቆርጣል፤ ልጡ ሲያልቅ ቀኑ ደርሷል ማለት ነው፣ ተነስቶ ይሄዳል። ቀኑ ቢርቅም ቢቀርብም በእጁ ያለውን አይቶ ያውቀዋል። ላሌ ከጠዋት ጀምሮ ክቧን ሲያይ ውሎ የጠየቀው ትክክለኛውን ጥያቄ ነበር፤ የምትዞረውስ ትዙር፣ የቀራት ስንት ነው? እኔ ይህን ሥራ ኮሌጅ ገብቼ ነው የተማርኩት፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ሳቅኩ! ከልቤ ሳቅኩ፤ ለኃላፊዬም ነገርኳቸው፣ አብረን ሳቅን። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ በኋላ ስትደውል አላነሳሁም። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ምን እንደምትል ስለማውቅ ነው።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም የቱርሚው ኮምፒዩተር ጠፋ። በሶላር ነበር የሚሠራው፤ ክቧ ቀኑን ሙሉ ስትዞር ባትሪውን ጨረሰችው። አስቴር በማግስቱ ጠዋት በስልክ አግኝታኝ «ክቧ ሳትደርስ ባትሪው አልቆብኝ ይሆን እንዴ?» አለች ፈራ ተባ እያለች። «ይደርሳል፣ አታስቢ» አልኳት። «መልሱ መቼ ይታወቃል?» ስትለኝ «በአሥራ አምስት ቀን» አልኳት። በዚያን ሰዓት፣ ልብ በሉልኝ፣ ዝርዝሩ ገና አልሄደም ነበር። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። አንድ ስም መጨመር ምን ያህል ነው? ኃላፊዬ ይህቺ ከየት መጣች ይላሉ፤ በስልክ የመጣች ናት ብል ለምን በሲስተሙ አልመጣችም ይላሉ። ይህቺን አንዲት ጥያቄ ፈርቼ ዝርዝሩን ያለ ኬሪ ላክሁት። ክቧን ስሠራ ቸልተኛ ነበርኩ ልበል፤ ስልኩ ላይ ደንግጬ ነው ልበል። የማክሰኞውን ጠዋት ግን ምን ልበለው? ስም የለውም።

ላሌ አሥራ አምስት ቀን መባሉን ሲሰማ አሥራ አምስት ቋጠሮ ቋጠረ። ለሚፈልጓት ሰዎችም ልጡን አሳይቶ «ይህ እስኪያልቅ አታናግሩኝ» አላቸው። በየጠዋቱ አንድ አንድ እየቆረጠ ጠበቀ። በአሥራ አምስተኛው ቀን የመጨረሻዋን ቋጠሮ ይዞ ከልጁ ጋር ቱርሚ መጣ፤ አስቴር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣትና ቁጭ አለ። ያለፉት ልጆች ስም ዝርዝር ወጥቷል። ኬሪ የለችበትም።

አስቴር እያለቀሰች ደወለችልኝ። ኃላፊዬም ሰሙና «ምንድን ነው የቱርሚው ጉዳይ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ዓይኔን በጨው ታጥቤ «መዝጋቢዋ ባትሪውን ሳታይ ማሽኑ ጠፍቶባት ነው» አልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእኔ ግን ወለምታ አይደለም፣ አስቤበት ነው የተናገርኩት። ለአስቴር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍላት ተባለ። ማን እንደጻፈው ገመታችሁ? ታይፕ የማደርገው እኔ ነበርኩ። የፊደል ግድፈት እንዳይኖርበት ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ይባስ ብሎ አስቴር አመነችው። ባትሪውን ብከታተል ኖሮ፣ ከጎረቤት ባትሪ ብዋስ ኖሮ፣ ስትል ከረመች። ላሌ ቤት ድረስ በእግሯ ሄዳ ይቅርታ ለምናዋለች። ኬሪን በዚያው ዓመት ዳሯት።

ከወር በኋላ ሰው ሳያየኝ ያንን የነቀልኩትን ክፍል መለስኩት። ክቧ ሳይደርስላት ስትቀር ቆማ «አልደረሰም» እንድትል አደረግኳት። ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ማንም ልብ ያለ የለም፣ ማንም አልጠየቀኝም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ። በኋላም መሥሪያ ቤቱን ለቅቄ በግሌ መሥራት ጀመርኩ።

ስንት ዓመት አልፎ በቅርቡ አንድ የቱርሚ ሆቴል ባለቤት የእንግዳ መመዝገቢያ እንድሠራላቸው ጠሩኝ። ሰኞ ነበር። አስቴር አሁንም እዚያው ናት፤ ከሩቅ አይታኝ «ሶሌ! ወይ ጌታዬ፣ ጠፋህ እኮ!» ብላ አቅፋ ሳመችኝ። ሻይ ጋበዘችኝ። ቢሮዋ ደጃፍ ላይ ቆመን ስናወራ አንዲት ሐመር ሴት፣ ልጅ አዝላ፣ የማሽላ ስልቻዋን መሬት አስቀምጣ ሰላም አለቻት። ከዚያ በአማርኛ፣ እየቀለደች፣ «አስቱ፣ ያቺ ክብ ደረሰች ወይስ እስካሁን መንገድ ላይ ናት?» አለቻት። አስቴር እንደ መሳቅ ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። «ኬሪ፣ እሱን ታውቂዋለሽ? ክቧን የሠራት ይኸው፣ ከጂንካ።»

ኬሪ እጇን ዘረጋችልኝ። «ጎበዝ ነህ» አለች። «በጣም ታምር ነበር። እኔ ቀኑን ሙሉ እሷን ብቻ አየሁ። ትንሽ ቀራት፣ ትንሽ ቀራት አልኩ። ውኃ እንኳን አልጠጣሁም፣ ዘወር ካልኩ የምትቆም መሰለኝ።»

እጇን ያዝኩ። ምን አልኩ? «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ። እንደ ሞያተኛ ምስጋናዬን ተቀበልኩ! ስልቻዋን አንስታ ወደ ገበያው ሄደች። ልጇ በጀርባዋ ሆኖ ወደ እኛ ያይ ነበር።

አስቴር ወደ ውስጥ ይዛኝ ገባችና መሳቢያዋን ሳበች። ከማኅተሙ ጎን፣ በወረቀት የተጠቀለለች፣ የደረቀች የልጥ ቁራጭ አለች፤ መሀሏ ላይ አንድ ቋጠሮ። ላሌ ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ ትቷት የሄደው ናት። «ልጥላት አልቻልኩም» አለችኝ። «በጸሎቴ ሁሉ አነሳታለሁ። ባትሪውን ባየው ኖሮ እኮ፣ ሶሌ።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሁለታችን ብቻ ነበርን። በሩ ገርበብ ብሏል። ከዚያ የተሻለ ጊዜ እግዚአብሔር ራሱ ከየት ያመጣልኝ ነበር? እኔ ግን ምን እንዳልኳት ልንገራችሁ፤ «ተይው አስቱ፣ ሰው ነሽ፣ ትሳሳቻለሽ» አልኳት። የእኔን ጥፋት ለእሷ ይቅር አልኳት! እሷም አመሰገነችኝ። ሻዩንም ጨርሼ ነው የወጣሁት።

ወይ እኔ! ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም ብል ውሸት ነው፤ እተኛለሁ፣ እበላለሁ። ግን የትም ቦታ ያቺ ክብ ስትዞር ባየሁ ቁጥር፣ በስልክ ቢሆን፣ በሰው ኮምፒዩተር ቢሆን፣ ዘወር ብላ ውኃ ያልጠጣችው ልጅ ትታየኛለች።

ከጓሮዬ እንሰት የደረቀ ልጥ ቆርጬ ሰባት ቋጠሮ ቋጠርኩ። ሲያልቅ ሰኞ ይሆናል፣ ቱርሚ እሄዳለሁ፣ ለአስቴር እነግራታለሁ፣ ከዚያ አስቴር ይዛኝ ኬሪና ላሌ ዘንድ ትወስደኛለች ብዬ ነው። አለቀ። ሰኞ ዘነበና መንገዱ አይሆንም ብዬ ቀረሁ። ውሸቴን ነው፣ መኪናው ሄዷል። ሌላ ሰባት ቋጠርኩ። ይህንንም የምጽፈው በየጠዋቱ አንድ ቋጠሮ ከቆረጥኩ በኋላ ቁጭ ብዬ ነው፤ ቋጠሮው ብቻውን እንዳያየኝ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተ ምን አድርጌያችሁ ነው ይቅር የምትሉኝ? ልጅ ነበርኩ፣ ኃላፊዬ ቆመው ነበር፣ ኔትወርኩ ነው፣ አልልም። ኬሪን ያስቀረኋት እኔ ነኝ፤ አስቴር ላይ የላከክሁት እኔ ነኝ። ላሌ የጠየቀኝን እስካሁን አልመለስኩለትም።

ዛሬ እሑድ ነው። ጠዋት አንዱን ቆረጥኩ። አንድ ቀርቷል።